የዘይነብ ሁለት ሳህን ሽሮ

መካነ ሰላም ጎረቤቴ የነበረችው ዘይነብ፣ ከጅዳ የተመለሰችው፣ እንግዳ በዛብኝ ብላ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። አንድ ድስት ሽሮ ትሠራና ለሁለት ሳህን ትከፍለዋለች፤ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ቅቤ ጣል ታደርግበታለች፣ ለሚፆመው ክርስቲያን በዘይቱ ትተወዋለች። በሁዳዴ እኔንና የቢሮ አለቃዬን ምሳ ጠራችን። ለእሳቸው ፆም ሲባል ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ እኔም በርሃብ አለቅሁ።

"እናንተማ ሲመሽ ያሻችሁን ትበላላችሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ቅቤ አለመቅመስ ወኔ ይጠይቃል!" ይሉኛል አለቃዬ እየጎረሱ። የእኔ ሽሮ ቅቤ ቅቤ አልል ብሎኛል። የጅዳ ሀብታም ቅቤ ሰሰተች ብዬ በሆዴ አማኋት። እሳቸው ግን "የፆም ሽሮ እንዲህ ሲጥም አይቼ አላውቅም፣ ለባለቤቴ አሳዪልኝ" እያሉ ሳህኑን አጋመሱት። የቅቤ ሽታ የማያውቅ የወሎ ቦረና ሰው ይኖራል?

ዘይነብ ሳህኖቹን አየችና ደነገጠች። "ወይ ጉዴ! አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ አቀያይሬዋለሁ፤ የእርስዎ የቅቤው ነው" ብላ ልታነሳው እጇን ሰደደች። አለቃዬ በግራ እጃቸው ጠርዙን ያዙ።

"ተይው ልጄ፣ አንዴ ገድፌያለሁ" ብለው ጠርገው በሉት።

በማግስቱ ረፋድ ሻይ ብጋብዛቸው፣ "ሁዳዴ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?" አሉኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ፣ የፆምኩት እኔ!