የይማም ፍራሽ

(ደሴ፣ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ያለበት ረፋድ፤ ባሏ ይማም አምና የሞተባት ሐሊማ የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍታ ቆማለች፤ የይማም እናት እማማ ሉባባ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከወዲያኛው ክፍል የትንሿ ልጇ የሰሚራ ደረት ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማል።)

ሉባባ፦ ዝጊው አልኩሽ! ልጅቷን በብርድ ልትጨርሻት ነው?

ሐሊማ፦ ክረምቱን ሙሉ ዘግተን ኖርን። ምን ተረፈን?

ሉባባ፦ ይኼ ሁሉ ሳል ከብርድ ነው።

ሐሊማ፦ ከእርጥበቱ ነው፣ እማ። እርጥብ ልብስ እዚሁ እናሰጣለን፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ እንወትፋለን፣ ግድግዳው ያልበዋል። እርጥበት ባለበት ቤት፣ የመኝታ አቧራ ውስጥ የሚራባ ተባይ አለ፤ አስሟን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው አለኝ ሐኪሙ።

ሉባባ፦ የታል? አሳዪኝ።

ሐሊማ፦ በዓይን አይታይም አለ።

ሉባባ፦ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል! ትኋን ቢሆን ባየሁት፣ ቁንጫ ቢሆን በነከሰኝ። ሐኪሙስ በምኑ አየው?

ሐሊማ፦ አልጠየቅሁትም። ፍራሹ ይውጣ አለ፣ ሰማሁት።

ሉባባ፦ የቱ ፍራሽ?

ሐሊማ፦ የተቀመጡበት።

ሉባባ፦ ወላሂ አይወጣም! ለሠርጋችሁ ጥጡን በእጄ ፈልቅቄ የሞላሁት ነው። የይማምን ልብስ ሁሉ ለሰደቃ ስንሰጥ ይኼን ብቻ ያስቀረሁት፣ የአባቷ ጠረን አይለያት ብዬ ነው።

ሐሊማ፦ አውቃለሁ። እሱ ላይ መተኛት ከጀመረች ወዲህ ነው የባሰባት።

ሉባባ፦ የአባት ፍራሽ ልጅ ይገድላል በይኛ!

ሐሊማ፦ ይቆጡኝ። እኔ እንደሆን ምንም አይሰማኝም።

ሉባባ፦ ድሮስ መች ተሰማሽ? ጀናዛው ሲወጣ ዓይንሽ ደረቅ ነበር። መንደሩ ሁሉ ታዝቦሻል።

ሐሊማ፦ እኔም ራሴን ታዝቤዋለሁ። እንደደነዘዝኩ ቀረሁ። ትናንት የሰሚራ ከንፈር ሲጠቁር እንኳ፣ መድኃኒቱን አፏ ውስጥ ስረጭላት እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

ሉባባ፦ ጠቆረ? ምነው ሳትጠሪኝ?

ሐሊማ፦ ብጠራዎትስ? መስኮቱን ዝጊ ሊሉኝ።

ሉባባ፦ ፍራሹ ከወጣ የልጄ ጠረን በምን ይቀረኛል?

ሐሊማ፦ እስቲ ያሽቱት። ጠጋ ብለው።

ሉባባ፦ (ጎንበስ ብለው ፍራሹን ያሸታሉ።)

ሐሊማ፦ ምን ምን ይላል?

ሉባባ፦ ሻግቷል።

ሐሊማ፦ ለይማም እንባ አጣሁ። ይቺም ብትሄድብኝ ላላለቅስ እችላለሁ፣ እማ። የምፈራው ይኼንኑ ነው።

ሉባባ፦ በይ በዚያ ጫፍ ያዢ። በጓሮ በር እናውጣው፣ ልጅቷ እንዳታየን።