አሥራ አንደኛው ቋሚ

አቶ ገብረጻድቅ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከፒያሳ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ዳር ያዩት ነገር ክው አደረጋቸው። የልጅ ልጃቸው የአባይነሽ መምህርት ታቢታ ሜዳ ላይ ተማሪዎቿን ሰብስባ ትስቃለች። ልጆቹም «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ» ይባባላሉ። የሚጠያየቁት ደግሞ ስለ ቁጥር ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም አባይነሽ ከመካከላቸው ቆማ!

ሽማግሌው የደነገጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በንጉሡ ዘመን የግምጃ ቤት ጸሐፊ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ የማባዣ ሰንጠረዡን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው የሚወርዱ፣ ሒሳብ ያለ አርጩሜ ይገባል ቢሏቸው የማያምኑ ሰው ናቸው። አሁን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ስለሆኑ፣ ታቢታ በክፍል ውስጥ የምታመጣውን ይህን ጨዋታ ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ ሊያስከለክሉ ቆርጠዋል። ያስቆረጣቸውም የትናንት ማታው ጉድ ነው። አባይነሽ፣ ቀጥ ያለ የአሥር ሜትር አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በየሜትሩ ቋሚ ቢተከልለት ስንት ቋሚ ይፈጃል ብላ ጠየቀቻቸው። አሥር ቢሏት፣ የለም አሥራ አንድ ነው አለች። አያቷን ልታርም! አሥር እስክትል ድረስ አንበረከኳት።

ታቢታ እንዳየቻቸው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«መምህርት ታቢታ» አሉ ሰላምታውን አሳጥረው፣ «መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልዎ እንቆቅልሽ እንዲያጫውቱ ነው? እንቆቅልሽ የሥራ ፈት ማምሻ ነው። ሒሳብ ግን ቁም ነገር ነው።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ቁም ነገር ነው። ሰንጠረዡንም አልተውነውም፣ በቃላቸው ያጠኑታል። ነገር ግን መቼ እንደሚያካፍሉ፣ መቼ ደግሞ ቆም ብለው ማየት እንዳለባቸው እንዲለዩ እፈልጋለሁ።»

«የአጥሩም ቢሆን አሥር ለአንድ ሲካፈል አሥር ነው። ምኑ ይታያል?»

ልጆቹ ይህም የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ተሸንፈዋልና አገር ይስጡን ብለው ጮኹ። አቶ ገብረጻድቅ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። በዕድሜያቸው እንዲህ የደፈራቸው ልጅ የለም። ታቢታ ልጆቹን በዓይኗ ገሥጻ ዝም አሰኘችና፣ ሽማግሌውን ቀኝ እጃቸውን እንዲዘረጉላት ለመነቻቸው።

«ጣቶችዎ ቋሚዎቹ ይሁኑ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይቁጠሩልኝ።»

ቆጠሩ፤ አራት ነው። ተሳስተው እንደሆነ ብለው ደገሙት፤ ጣቱ አምስት፣ ክፍተቱ አራት ሆኖ ቀረ። ሜትሩ ማለት ክፍተቱ ነው፤ የመጨረሻው ሜትር የሚያበቃበት ደግሞ አንድ ቋሚ ይጨምራል። ይህን እጅ ስድሳ ዓመት ሙሉ ይዘውት ሲዞሩ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላዩትም።

ከልጆቹ ኋላ የተሸሸገችውን አባይነሽን ጠሯት።

«የአጥሩ ቋሚ ስንት ነው፣ ልጄ?»

ልጅቷ አቀርቅራ ጉልበቷን አየች። «አሥር ነው፣ አባባ።»

«እውነቱን ንገሪኝ እንጂ።»

«አሥራ አንድ ብል መልሰው አያንበረክኩኝም?»

ታቢታ አንገቷን ደፋች። በሒሳብ መሳሳት የማንም ነው፣ በማግስቱ ይታረማል። ልጅ እውነቱን እያወቀች በፍርሃት ስትውጠው ማየት ግን ሰውን ያስደነግጣል።

አሥራ አንድ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት አቶ ገብረጻድቅ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። አባይነሽ ግን ወዲያው አላመነቻቸውም፤ ቀስ ብላ ወደ መምህርቷ ዞረች።

ሰኞ በቀበሌው አዳራሽ ሊቀመንበሩ ታቢታን ይወቅሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ጨዋታው ይቀጥል ብለው ተነሡ። እንቆቅልሽ መፍታት የለመደ ልጅ ሳይገባው ገባኝ አይልም አሉ። ገበያም ቢልኩት አይታለልም፣ ቢሳሳት ስቆ እንደገና ይሞክራል፣ ትልቅ ሰው የነገረውንም ቢሆን አጣርቶ ይቀበላል። ወይዘሮ ሸዋዬ የሚባሉ ወላጅ እጃቸውን አውጥተው፣ እኛስ በአርጩሜ ተምረን ምን ጎደለብን ብለው ጠየቁ።

«እኔ የልጅ ልጄን ሒሳብ ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ገብረጻድቅ። «ያስተማርኳት ግን መዋሸት ነው።»