የክርስትና ስም ለሌላት ጎረቤት

ማክሰኞ ማለዳ እንደ ወትሮው ተነሥቼ አልጋዬን አነጠፍሁ፤ የበረንዳዬን ተክሎች ውኃ አጠጣሁ፤ ዳቦ በአይብ በልቼ ወደ ሥራ ወጣሁ። ከሰፈራችን ከጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ዘግይቶ ነበርና ማቆሚያው ላይ እማማ ሐረግን አገኘኋቸው። ልጃቸውን ተከትለው ከጎጃም ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር የመጡ፣ ጾም ጸሎታቸውን ያልተዉ ክርስቲያን ናቸው። እኔም ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ ከእኔ የሚሸሽጉት የላቸውም።

«ወዴት ነው በማለዳ?» አልኋቸው።

«ወዴትም። ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ማሬ ዛሬ ኒቱዋሕ፣ ቀዶ ሕክምና አላት፤ ልቧን ሊቀድዱላት ነው።»

እማማ ማሬ ግድግዳ የሚጋሯቸው አይሁዳዊት ጎረቤታቸው ናቸው።

«ጸለዩላቸው?»

ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «እሷስ ‹ሐረግዬ፣ አንቺም በበኩልሽ በጸሎትሽ ጥሪኝ› ብላ የራሷንና የእናቷን ስም ነግራኛለች፤ የእነሱ ወግ ለበሽተኛ በእናቱ ስም መጸለይ ነው። የክርስትና ስም ግን የላትም። በምን ላቅርባት? አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው እኮ።»

«ደብዳቤውን የሚቀበለው እሳቸውን ያውቃቸዋል፤ የፈጠራቸው እሱ ነው።»

«አንቺ ተምረሻል፤ ሁሉ ይቀልሻል።»

«እስቲ ልጠይቅዎ። ከዚህ ኮረብታ ጀርባ ያለችው መንደር ማን ትባላለች?»

«ናይን።»

«ጌታ አንድ ልጇን ያስነሣላት የናይን መበለት ስሟ ማን ነበር?»

«ካህናቱም አልነገሩን።»

«ማንም አልጻፈውም። እንባዋ ግን ታየ።»

እማማ ሐረግ በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «ለባልሽስ ስንት ሰው ጸለየ? ያውም በክርስትና ስሙ። ተረፈ?»

መንገዱን ተመለከትሁ።

«አልተረፈም። ነገር ግን ይጸልዩለት የነበሩት ሰዎች ደጃችንን አልፈው አልሄዱም። አንዱ ሾርባ ያመጣል፣ አንዷ ልብሱን ታጥባለች። ለሰው የሚማልድ ያን ሰው ሊረሳው አይችልም። እሱም ሲጠሩት እየሰማ ነው ያረፈው፤ አልፈራም።»

እማማ ሐረግ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማሬ ትናንት እጄን ይዛ ‹ፈራሁ› አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ፣ ‹አይዞሽ› ብዬ ወጣሁ እንጂ።»

አውቶቡሱ ከላይ ብቅ ሲል ወደ ምሥራቅ ዞሩ። «ጌታዬ፣ ማሬ የፈንታዬ ልጅ፣ ጎረቤቴ ናት። ዛሬ አትለያት። የሐኪሞቹንም እጅ አጽናላት» አሉ። ቀጥለውም «ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ ንገሪኝ፤ በሩ ላይ እጠብቃታለሁ» ብለውኝ ተሳፈሩ።

እማማ ማሬ ዳኑ። ሐኪሞቹ ሙያቸውን እንደ ሠሩ አውቃለሁ፤ ጸሎቱ የሠራውን ደግሞ በዓይኔ አየሁ። እማማ ሐረግ አሁን የሕንፃቸውን ሰው ሁሉ በጸሎታቸው በየስሙ ይጠራሉ። እዚያው ሕንፃ ከምትኖረው ከአያላ ጋር የነበራቸው የዓመት ኩርፊያ እንኳ ቀርቷል። «ለሷ ለምኜ ወጥቼ ደረጃው ላይ እንዴት ፊቴን አዞርባታለሁ?» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት «አንቺንስ በምን ስም ላቅርብሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ያለ ስምም ይደርሳል» አልኋቸው።

የክርስትና ስሜን በዚህ ከተማ የሚያውቀው ባሌ ብቻ ነበር። ማለዳ ተክሎቹን ውኃ ሳጠጣ ከወዲያ ክፍል በጸሎቱ መሀል ሲጠራው እሰማ ነበር። አሁን በቤቴ ያ ድምፅ የለም።