ሹራብ የለበሰችው ስኮርት ጎማ

እንዴት አደርሽ ራዶይካ? ነይ እስቲ፣ እዚህ ጥላው ጋ ተቀመጪ። የዳቦው መኪና እንደሆነ ዛሬም አርፍዷል። ፕሩኙስ ዘንድሮ እንዴት ነው? የእኛ ግቢ ዛፍማ ቅርንጫፉ ሊሰበር ደርሷል፣ ተመስገን ነው... ጮክ ብዬ የማወራው ጆሮዬ ከብዶኝ ነው። እዚያ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ለሚያነቡት ሰው ብዬ እንዳይመስልሽ።

በእግርሽ ሕመም ከሰርጉ ቀረሽ አይደል? ውይ፣ ምን ቀረብሽ! የወንድሜ ልጅ ኔቬና እንዴት እንደተዳረች ከእኔው ስሚ። ስም ግን አልጠራም። እንዴት እጠራለሁ? ኩም የሚያህል ሰው፣ ከሙሽሮች ጀርባ ሻማ ይዞ የሚቆም ትልቅ ሰው፣ በእኛ አገር ይወቀሳል እንዴ? ነውር ነው! እኔ የማወራው ስለ ጎማ ነው።

የኩሙን መኪና ታውቂያት የለ? እንዴት ያለች ንጹሕ! ለሰርጉ ብለው ሲወለውሏት ነው የከረሙት፤ ፊትሽን ታዪባታለሽ። ስኮርት ጎማዋንማ አትጠይቂኝ። ባለቤታቸው ቀይ ሹራብ ሠርተውላት፣ ከነዘርፉ ለብሳለች። እንዳይበርዳት እኮ ነው። ፍቅር እንዲህ ነው እንጂ!

እናም ሌላው ዘመድ ሁሉ ቀድሞን ሄደ። ኔቬና ከፊት፣ እኔ ከኋላ በሦስት መለከት ነፊዎች መሐል ቬሎዋን ታቅፌ፣ በእሳቸው መኪና ሙሽራው ወደሚጠብቅበት ወደ ኖቫ ቫሮሽ ተነሣን። ዳገቱን እስክንጨርስ ስለ መኪና አስተማሩን። ዕውቀት እኮ አይሰስቱም! “ሴት መንዳት ትችል ይሆናል፤ መኪና መያዝ ግን አታውቅም” አሉ። ልክ ያን ጊዜ በመኪናዋ ወተት የምታመላልሰውን ሚሉንካን ቀድመናት አለፍን። ጡሩምባቸውን እስክትደነግጥ ድረስ ነፉላት። ሰላምታ ነው መቼም...

ዷ! የኋላ ጎማ ፈነዳ።

ደነገጡ? ኧረ ወዲያ! ሳቁ እንጂ። “ምን ችግር አለ፣ ስኮርት አለኝ!” ብለው የኋላውን ክዳን ከፈቱ። ከስኮርቷ በላይ ምን የሌለ አለ? ቃሪያ በጠርሙስ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ባለቤታቸው ሲፈልጉት የከረሙት መጥረጊያ... የቤት ሰው ናቸው። መኪና ማንሻው ክሪኩስ ብትዪ? ክሪኩ የዶሮ ቤታቸውን ደግፎ ቀርቷል። ታዲያስ? ለሰርግ ብሎ ዶሮ ላይ ቤት የሚንድ አረመኔ አይደለም እንዴ?

መለከት ነፊዎቹ መኪናዋን በትከሻቸው አነሡ። ሹራቡ ተገፈፈ፣ ጎማዋ ገባች፣ ቡሎኑ ጠበቀ። ቀስ ብለው ቢያወርዷት... ስስስስስ! ራዶይካ ትሙት፣ እንደ ሊጥ ተዘረጋች።

“ነፋስ ያስሞሏት መቼ ነው?” አልኳቸው፤ ሞኝ ነኝና።

“አንድም ቀን መንገድ ያልነካች ጎማ ነፋስ ምን ያደርግላታል!” አሉኝ።

ተማርኩ። ለካ ነፋስ የሚያልቀው በሥራ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠማ እንደተነፋ ይኖራል... እንዴ፣ ጋዜጣው ምን ሆነ? ተንቀጠቀጠሳ።

ከዚያ ትልቁን መለከት የሚነፋውን ቦጎልዩብን ጠርተው “አንተ ሳንባ አለህ፣ ንፋት!” አሉት። ምስኪኑ ተንበርክኮ አፉን ከጎማዋ አፍ ገጠመ። ጉንጩ ጥቅል ጎመን አከለ። ኔቬና በሳቅ ሞተች፤ ከዚያ ከሩቅ ደወል ስትሰማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እዚያ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራም። “አክስቴ፣ ጥዬው የሸሸሁ ይመስለዋል እኮ” አለችኝ። አልተሳሳተችም። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሙሽራው ቬሊሚር ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፤ እናቱ ደግሞ “እኔ ብዬህ ነበር” ማለት ጀምራለች።

ሚሉንካ ደረሰችብን። ስለ ጡሩምባው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። “ነይ ልጄ” ብላ ኔቬናን አሳፈረች፣ እኔንም ጥግ ላይ ሸጎጠችኝ። እሳቸው “ከመኪናዬ አልለይም” አሉ። ጀግና! መንገድ ላይ “የአንቺ ስኮርትስ?” ብላት፣ “በየወሩ አውርጄ ነፋሷን አያለሁ፣ ስንጥቅ ይኖራት እንደሆነ እዳብሳታለሁ” አለችኝ። ሹራብ ግን የላትም። ምስኪን ጎማ።

ስንደርስ ቬሊሚር በካልሲው እየሮጠ መጣ። ተቃቅፈው ቀሩ። ቄሱ ግን “ኩሙ የት አሉ? ያለ ኩም አልባርክም፤ ቀብርም ይጠብቀኛል” አሉ። ሁላችንም ተያየን። ኔቬና እንባዋን ጠርጋ “ሚሉንካ፣ አንቺ ትቆሚልኛለሽ?” አለቻት። ያቺ ልጅ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ቆመች። ወተት ወተት እየሸተተች ሻማውን ያዘች፣ ጋብቻው ተባረከ። ከእንግዲህ ልጅ ሲወለድም ክርስትና የምታነሣው እሷ ናት። ልማዱ ነው እንግዲህ፣ እኔ ምን ላድርግ?

እሳቸውማ መጡ! ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ፣ በእግራቸው፣ መለከት ነፊዎቹን አስቀድመው፣ ጎማዋን እያንከባለሉ። ሹራቧንም መልሰው አልብሰዋታል። አጨበጨብንላቸው፤ ከልባችን!

ቂም የለኝም ራዶይካ። ደግ ደጉን ነው የምመኝላቸው። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጣቸው። እጃቸው አይድከም፣ ልብሳቸው አይቆሽሽ... በጭንቅ ቀን ስማቸውን የሚጠራ አንድም ሰው ሳይመጣባቸው፣ ዕድሜያቸውን በሰላም ይጨርሱ።