ዲላ ሩቅ ነው ያለው ሻጭ

ከወናጎ ወደ ዲላ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠ ተማሪ ስልኩን እያየ ይነጫነጫል።

«በቴሌግራም ቻርጀር ባዝዝ ማድረሻው ከቻርጀሩ በለጠ! ልክፈል እንጂ ምን አደርጋለሁ።»

«እንዳትከፍል!» አሉት አጠገቡ ያሉት ሴትዮ። «እኔንም አንዱ የአዲስ አበባ ሻጭ ‹ዲላ ሩቅ ነው› ብሎ ያዘዝኩትን ጫማ ግማሽ ዋጋ ለማድረሻ ተቀብሎኛል።»

«ጫማው መጣ፣ እናቴ?»

«መጣ። ዲላ መናኸሪያ ሄጄ ከአውቶቡስ ሹፌር እጅ ተቀበልኩ። በሳምንቱ ሻጩ ራሱ ደውሎ ‹ከአገርዎ ጥሩ ቡና ይላኩልኝ› አለኝ።»

«እሺ አሉት?»

«‹ቡናው ርካሽ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ሩቅ ነው› ብዬ እሱ ያስከፈለኝን ማድረሻ ጠየቅኩት። ጮኸ!»

«ምን ብሎ?»

«‹ያ ጫማውን ያቀበለዎት ሹፌር ወንድሜ ነው! ለሱ ይስጡት፣ በነፃ ያመጣልኛል› ብሎኝ እርፍ!»

ተማሪው ሳቀ። «በገዛ አፉ!»

«በገዛ አፉ። ‹እንግዲያው ጫማዬም በነፃ ነው የመጣው፤ ገንዘቤን መልስ› ስለው ስልኩን ዘጋ።»

«ቡናውስ?»

«ይኸው ከወንበሬ ስር በማዳበሪያ አለ። ዲላ ገበያ እሸጠዋለሁ። ገንዘቤን ሳይመልስ እንኳን ቡናውን ገለባውንም አያገኝም!»

«እኔስ የቻርጀሩን ሻጭ ምን ልበለው?»

«መጀመሪያ ‹በማን እጅ ነው የምትልከው?› በለው።»

ተማሪው መጻፍ ሲጀምር፣ እኔ ሳላውቅ ማዳበሪያው ላይ ያሳረፍኩትን እግሬን ቀስ ብዬ አነሳሁ።