መድረክ ላይ የወጡት ሽማግሌ

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ጆሮዬን አልደፍንም። ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የበቆጂ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ላለችው ሴትዮ ስላዩት ቴአትር ያወጉላታል።

«ባልየው ሚስቱን ከቤት አስወጣት። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ዝም! እኔ ተነስቼ ወጣሁ።»

«ወደ ውጭ?»

«ወደ መድረኩ ነው እንጂ! እኔ እያለሁ ትዳር ሊፈርስ?»

«ውይ አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ያኔ ማን ነገረኝ? ‹በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ታረቃት› አልኩት።»

«እሱስ?»

«ጉልበቴን ስሞ እሷንም ሳማት። ሕዝቡ ጭብጨባውን አቀለጠው!»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ምኑ? በማግስቱ ደግሜ ብሄድ፣ ያው ባል ያችኑ ሚስቱን ያስወጣታል! በቆጂ ስንቱን ባልና ሚስት ሳስታርቅ እርቄን ያፈረሰብኝ የለም።»

«እና ተዉት?»

«ብቻዬን ብሆን ናቀኝ። ለፋሲካ ሁለት ሽማግሌ ጨምሬ እመለሳለሁ።»

«ጨዋታ መሆኑን እያወቁ?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ለቅሶዋ ግን አንጀት ይበላል።»

ሾፌሩ «አሰላ ወራጅ!» ብሎ ሲጣራ፣ ወራጇ እኔ ብሆንም ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።