ነፋስ በረዶ አይጠብቅም

ቶይባ ቆቦ ባጃጅ ተራ ስትደርስ ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? የአባቷን ታላቅ ወንድም፣ አያ ሙህዲንን። ኮምቦልቻ ሄዳ የማቀዝቀዣ ማሽን ሙያ እንድትማር ዕድሉ ወጥቶላታል፤ አባቷ ግን «አያ እሺ ካላሉ አይሆንም» ብሎ ቁጭ ብሏል። አያ ደግሞ እሺ አላሉም። ሮቢት ከተማ ለሚሸጡት ለስላሳ ሁለት ትልልቅ በረዶ በሳፋ ይዘው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ግቢ፣ የነፋሷ መሐንዲስ» አሏት። «ቆይ፣ በነፋስ መብራት የሚያወጣውን ማሽን ማግኔት ማቀዝቀዝ ነው የምማረው አልሽ አሉ። ማማ ላይ ተሰቅሎ ነፋሱ አይበቃውም?»

«አያ፣ አይቆጡኝና የቆቦ ነፋስ እንኳን ማግኔት ሊያቀዘቅዝ በረዶዎን እየበላብዎ ነው።»

«ወግጂ። ክፍት የተውኩት ነፋስ እንዲመታው ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነው።»

ቶይባ አላስቻላትም። አንዱን በረዶ በፌስታል አድርጋ በጋቢያቸው ጠቀለለችው።

«ልታቀልጭው ነው? ጋቢ ያሞቃል እኮ።»

«ጋቢ እሳት አለው እንዴ? ዘበኛ ነው እንጂ። ሙቀት ውስጥ ካለ አያስወጣም፣ ውጭ ካለ አያስገባም። የማግኔቱ ሽቦም እንደዚያው ነው፤ ከበረዶ በታች ሁለት መቶ ምናምን ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ኮረንቲው ምንም ሳይባክን ይሄዳል። ምንም ነው የምልዎ አያ። ያኔ ማሽኑ ቀላል ሆኖ ጉልበቱ ብዙ ነው። ትንሽ ከሞቀ ግን ተራ ሽቦ ሆነ፣ አለቀ። ስለዚህ እንደ ፔርሙዝ ባለ ዕቃ ይዘጋል፤ የሾለከችውን ሙቀት ደግሞ ማቀዝቀዣው እየለቀመ ያወጣታል።»

«ማቀዝቀዣው ራሱ መብራት አይበላም?»

«ይበላል፤ ከሚያወጣው ላይ ትንሿን።» ደስ አላት። የሚጠይቅ ሰው ግማሽ መንገድ መጥቷል።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አላየሁም። ባሕር ማዶ ሞክረውታል፣ እኛ ጋ ገና ነው። ገና ስለሆነ እኮ ነው ልማር የምለው።»

ሮቢት ወረዱ። ክፍቱ በረዶ የሳሙና ቁራጭ አክሏል። በጋቢ የተጠቀለለው ግን ጠርዙ እንኳን አልተነካም። አያ ሁለቱንም ደጋግመው ዳሰሱ።

«አጃኢብ» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ ዓመት ነፋስ ስቀልብ ኖሬያለሁ።»

ስልካቸውን አውጥተው አባቷ ጋ ደወሉ። «ሙሀመድሰይድ፣ ልጅቱ ትሂድ። ምን? ሴት ልጅ ከማሽን ምን አላት አልክ? ስማ እንጂ፤ ይሄ ሁሉ ሜዳ ውሃ ከሥሩ ተኝቶ፣ መብራት ጠፋ ተብሎ ፓምፑ ሲቆም ሽንኩርትህ አይደለም የሚደርቀው? የጤና ጣቢያው ክትባት አይደለም የሚበላሸው? ነፋሱን አላህ በነፃ ሰጥቶናል፤ የጠፋው አዋቂ ነው። የኛው ልጅ ካወቀችው ሌላ አገር ሰው ለምን እንጠብቃለን?»

ትንሽ አዳመጡ።

«ማቀዝቀዙን? እሱን ነገ መጥቼ እኔ አስረዳሃለሁ» አሉ፣ ድሮም እንደሚያውቁት ሰው።